ዐጥንት ቆጠራና የዐጥንት ጂን፦ ስለ አንድ የአተረጓጐም ልማድ የቀረበ ትችት

ስለ ሰው ዘር ውርስ በአማርኛ ስንነጋገር አንድ ልማድ ሥር ሰድዶ ይታያል። ይኸውም በሕዋስ ውስጥ የሚገኘውንና ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ትእዛዝ፥ ሊቃውንት ጂን የሚሉትን፥ «ዐጥንት» እያሉ መተርጐም ነው። መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስተማረውን ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ለጓደኛው ሲያስረዳ «ይኸ እንግዲህ አባቶቻችን ዐጥንት የሚሉት ነው» ይላል። ትርጉሙ ለጆሮ ያምራል፤ አድማጩም ወዲያው የገባው ይመስለዋል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማመልከት የምፈልገው፥ ይህ ትርጉም ከማስረዳት ይልቅ የሚያሳስት መሆኑንና ስሕተቱም የቃል ብቻ ሆኖ የማይቀር መሆኑን ነው። ስለ ቃል መከራከር የሥራ ፈት ሥራ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ ሕፃኑ ነገር ድረስ ይታገሠኝ።

ነገሩን ለመመርመር ሁለት ዐጥንቶችን ጎን ለጎን ማቅረብ ይሻላል። አንደኛው በመንዝ፥ በጓሳ አምባ፥ መሬት ያስገኝ የነበረው ዐጥንት ነው። ሁለተኛው በእርግጥ በእግራችንና በክንዳችን ውስጥ ያለው ዐጥንት፥ ይልቁንም ያን ዐጥንት የሚያሠራው ጂን ነው። ጂን ሁሉ ዐጥንት ከተባለ፥ ዐጥንትን ራሱን የሚሠራው ጂን ለስሙ የተገባ መሆን አለበትና ፈተናውን በእርሱ ላይ ማድረግ ፍርድ አያጓድልም።

በመጀመሪያ ስለ ጓሳ። ጓሳ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ድረስ ከፍ ብሎ የሚገኝ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሣር አገር ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ እረኛ በዝናብ ለሚደርበው ገሳ ያገለግላል። ከሣሩ ጋር ጅብራው፥ ጭላዳ ዝንጀሮውና ቀይ ቀበሮው የታወቁ ናቸው። የአገሩ ሰዎች ይህን መሬት ቀሮ በሚባል ሥርዐት 400 ዓመት ያህል ሲጠብቁት እንደ ኖሩ ይነገራል። አፈሮ ወይም አባ ቀራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ እርሱም ሣሩ እስኪያድግ ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ድረስ ከብትና ማጭድ እንዳይገባ ይዘጋዋል፤ ከዚያም በተወሰነ ቀን ይከፈታል።

ከዚህ ሣር ለማጨድ መብት የነበረው ማን ነው? እዚህ ላይ ነው ዐጥንት የሚመጣው። መብቱ ዐፅመ ርስት ይባል ነበር። ዐፅም በግዕዝ ዐጥንት ማለት ስለ ሆነ፥ ቃል በቃል የዐጥንት ርስት ነው። ባለመብቱ አስቦና ጌራ ከሚባሉት አገር አቅኚዎች ከአንዱ መወለዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ስለዚህ ዐጥንት ቆጠራ ለጨዋታ የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ የቤት ክዳንና የከብት መኖ የሚገኝበት፥ ያልቆጠረ የሚያጣበት ሥራ ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ከነዐጥንቱ ሻረው፤ የቀሮም ሥርዐት በዚያው ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ጥበቃውን በሌላ መልክ፥ በቀበሌና በኮሚቴ አድርገው መቀጠላቸው ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ነው። በእኔ አስተያየት ጓሳን ያቆየው ዐጥንቱ ሳይሆን ውሉ እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈለግም።

ስለዚህ አቈጣጠር ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። የመጀመሪያው፥ የአማራ ርስት በአባት በኩል ብቻ የሚሄድ አልነበረም። አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. ስለ ጎጃም የርስት ይዞታ ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው እንዳስረዳው፥ ሰው በእናቱም በአባቱም፥ በአያቱ እናትም ቢሆን እየቆጠረ ርስት ይጠይቅ ነበር። ሁለተኛው፥ በዚህ ምክንያት አንድ ሰው በብዙ አቅኚ አባቶች በኩል መጠየቅ ስለሚችል፥ የሚቆጥረው የተወለደበትን ሁሉ ሳይሆን የሚጠቅመውን መስመር ነበር። እንግዲህ ዐጥንት ቆጠራ የሕግ ክርክር ነው። ከብዙ መንገዶች አንዱን መርጦ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ማቅናት ነው። እንዲህ በመሆኑ አይነቀፍም፤ በራሱ ቦታ እጅግ ብልህ የሆነ ሥራ ነበር። ነቀፋዬ ይህን የሕግ ቃል ነቅለን በሕዋስ ውስጥ ለመትከል በምንጥረው በእኛ በተማርነው ላይ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዐጥንት እንለፍ። የሰው ሕዋሶች እንደ ጡብ እርስ በርሳቸው ተለጣጥፈው ብቻ አይኖሩም። በመካከላቸው ራሳቸው ሠርተው ወደ ውጭ የሚያወጡት ድርና ማግ አለ፤ ቆዳን፥ ጅማትንና ዐጥንትን ይዞ የሚያቆመው እርሱ ነው። የዚህ ድር ዋናው ክር ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ስሙ ከግሪክ የመጣ ሲሆን መሠረቱ ሙጫ ማለት ነው፤ ቆዳና ዐጥንት ሲቀቀል ሙጫ የሚወጣው ከእርሱ ነውና። የኮላጅን ዓይነት 28 ያህል ታውቋል። በዐጥንት ውስጥ የሚበዛው አንደኛው ዓይነት ነው፤ ከዐጥንት ውስጥ ማዕድኑን ትተን የቀረውን ብንመዝን ከመቶ 90 ያህሉ እርሱ ነው። ይህን ክር ከሚያሠሩት ሁለት ጂኖች ዋናው ኮል1ኤ1 ይባላል። የሚገኘውም በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ርዝመቱ 18,000 ያህል የዲ.ኤን.ኤ. ፊደል ሲሆን፥ ትርጉም ያላቸው ክፍሎቹ በ51 ቁራጭ ተከፋፍለው ተቀምጠዋል። ባልንጀራው ኮል1ኤ2 በ7ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው።

የአሠራሩን ነገር ለማስረዳት ከጓሳ ገመድ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ገመድ የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ዘለላ ወደ አንድ ወገን ያከራል፤ ከዚያም ዘለላዎቹን አንድ ላይ አድርጎ ወደ ተቃራኒው ወገን ይገምዳቸዋል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላው ያጠብቀዋል። ኮላጅንም እንደዚሁ ነው። ሦስት ክሮች፥ ሁለቱ ከኮል1ኤ1፥ አንዱ ከኮል1ኤ2 የመጡ፥ እያንዳንዳቸው ወደ ግራ ተጠምዝዘው በአንድነት ወደ ቀኝ ይገመዳሉ። የኮል1ኤ1 ክር መጀመሪያ ሲሠራ 1,464 አሚኖ አሲድ አለው፤ ጫፍና ጫፉ ተቈርጦ ይጣላል፤ በገመዱ ውስጥ የሚጠመዘዘው ክፍል 1,014 ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። ከየሦስቱ አሚኖ አሲድ አንዱ ግላይሲን መሆን አለበት፤ 338 ጊዜ ያለ ማቋረጥ። ምክንያቱም ሦስቱ ክሮች በሚገናኙበት በገመዱ መካከል ያለው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው፤ ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ግላይሲን ስለ ሆነ እርሱ ብቻ ይገባበታል። ይህን የሦስት ክር ግምድ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ዓ.ም. ራማቻንድራንና ካርታ የተባሉ የህንድ ሊቃውንት በማድራስ ሆነው ገለጡ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ሪችና ክሪክ አሻሽለው አቀረቡት። የዲ.ኤን.ኤ. የሁለት ክር ጥምዝ በየትምህርት ቤቱ ሲወራ የሦስቱ ክር ብዙ አለመነገሩ ያሳዝናል። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የሁለቱን ክር ሥዕል በየደብተራችን ስንስል ኖረን፥ የሦስቱን ስም እንኳ የሰማነው እዚህ ኮሌጅ ከገባን በኋላ ነው።

ገመዶቹ ብቻቸውን ዐጥንት አይሆኑም። በመካከላቸው የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ይሞላል። ነገሩ ጭድ እንደ ተለወሰበት የምርጊት ጭቃ ነው። ጭቃው ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭዱ ብቻውን አይቆምም። መሞከር የሚወድ ሰው አንድ የዶሮ ዐጥንት በኮምጣጤ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይዘፍዝፍ፤ ማዕድኑ ሟሙቶ የቀረው ኮላጅን እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። ሌላውን ዐጥንት ደግሞ በእሳት ያቃጥል፤ ኮላጅኑ ነድዶ የቀረው ማዕድን በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። በተጨማሪም ገመዱ እንዲጠነክር በክሩ ላይ ያለው ፕሮሊን የሚባለው አሚኖ አሲድ መለወጥ አለበት፤ ለዚህም ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል። በሎሚና በቃሪያ የሚገኘው ማለት ነው። እርሱ ሲታጣ ጂኑ ምንም ሳይጎድለው ገመዱ ይላላል፤ ድድ ይደማል፥ ቁስል አይድንም። ሕፃን ከፀሐይ ተከልሎ በቤት ውስጥ ሲያድግ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ያጥረውና ማዕድኑ በደንብ ሳይሞላ ቀርቶ እግሩ ይጎብጣል። ስለዚህ ዐጥንት ራሱ እንኳ በውርስ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ምግብም ፀሐይም አለበት። ይህን ካወቅን ወዲያ «በዐጥንቱ ነው» የሚለው አነጋገር ምን ያህል እንደሚያሻማ ግልጽ ነው።

እንግዲህ ዋናውን ጥያቄ እንጠይቅ። የአቅኚው ዐጥንት ከአቅኚው የዐጥንት ጂን ጋር አብሮ ይወርዳልን? አንድ የጌራ ምድር ሰው ከአስቦ አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ሆኖ ቢቆጥር እንበል። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ወላጅ፥ አራት አያት፥ ስምንት ቅድመ አያት እያለው ወደ ኋላ ሲሄድ፥ በአሥራ ሁለተኛው ትውልድ 4,096 የወላጅ ቦታ ይኖረዋል። ከእነዚህ አስቦ የያዘው አንዱን ነው። ሰው የኮል1ኤ1ን ጂን በሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ አንዱን ከእናቱ። አስቦ በአባቱ በኩል ቢሆን፥ ከአባቱ የመጣው ቅጂ ከዚያ ወገን ካሉት 2,048 ሰዎች ከአንዱ የወረደ ነው። ስለዚህ ያ ሰው በእጁና በእግሩ ውስጥ የአስቦን የዐጥንት ጂን ይዞ የመገኘቱ ዕድል ከ2,048 አንድ ነው። በሕግ ፊት የአስቦ ዐጥንት ሆኖ ሣር ያጭዳል፤ በእርግጠኛው ዐጥንቱ ውስጥ ግን አስቦ አለመኖሩ ይቀላል። እርግጥ ነው፥ በአንድ አገር የሚኖሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጋቡ ከአንድ አባት በብዙ መንገድ መወለድ አለና ዕድሉ ከፍ ይላል። ነገር ግን ያን ጊዜ ጎረቤቱም፥ ባለጋራውም፥ ርስት የለህም የተባለውም ሰው እንደዚሁ ከፍ ይልላቸዋል።

ይህ ስሌት የመንዝን ሰው ለማሳፈር የተሠራ አይደለም። ሽማግሌው «የእገሌ ዐጥንት ነኝ» ሲል ስለ ኮላጅን እየተናገረ እንዳልሆነ እርሱም ያውቃል። የተሳሳተው ሽማግሌው ሳይሆን፥ ሳይንስ የሽማግሌውን ቃል አረጋገጠለት ብሎ የሚያስበው ተማሪ ነው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ባሳተመውና ስለ መንዝ ሰፋ አድርጎ በጻፈበት በ«ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ የአማርኛ አነጋገር ሁለት ፍች እንደሚሸከም አስተምሮናል። ዐጥንት በሽማግሌው አፍ ሰሙ አካል፥ ወርቁ መብት ነው። እኛ ግን ሰሙን ይዘን ወርቁን ጣልነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የቃላት ክርክር ብቻ በሆነ ነበር። ጉዳት የሚያመጣው በበሽታ ጊዜ ነው። በዓለም ላይ ከሚወለዱ ከ15,000 እስከ 20,000 ሕፃናት መካከል አንዱ ያህል ዐጥንቱ በቀላሉ የሚሰበር ሆኖ ይወለዳል። አንዳንዱ ገና በማኅፀን ሳለ ይሰበራል፤ አንዳንዱ እየተሰበረና እየተጠገነ ያድጋል፥ የዐይኑ ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላል፥ ሲያድግም ጆሮው ሊደነቍር ይችላል። የአብዛኞቹ ምክንያት በኮል1ኤ1 ወይም በኮል1ኤ2 ላይ የደረሰ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ቹ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በመወለድ ጊዜ በሞተ ሕፃን የኮላጅን ጂን ውስጥ የጎደለ ቁራጭ አግኝተው ይህን በግልጽ አሳዩ።

እዚህ ላይ የገመዱ ምሳሌ እንደገና ይጠቅመናል። ከሁለቱ የኮል1ኤ1 ቅጂዎች አንዱ ጨርሶ ሥራ ቢያቆም፥ ሕፃኑ የሚሠራው ገመድ በቍጥር ግማሽ ይሆናል፤ የተሠራው ሁሉ ግን ደኅና ነው፤ በሽታውም ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። አንዱ ቅጂ ሥራውን ሳያቆም አንድ ግላይሲን በሌላ ተለውጦበት ቢሠራ ግን ነገሩ ይከፋል። በየገመዱ ሁለት የኮል1ኤ1 ክር ስለሚገባ፥ ሁለቱም ደኅና የሚሆኑት ከአራት ገመድ በአንዱ ብቻ ነው፤ በሁለቱ አንደኛው ክር የተበላሸ ነው፤ በአንዱ ሁለቱም። ስለዚህ ከጂኑ ግማሹ ተበላሽቶ ከገመዱ ሦስት አራተኛው ይበላሻል። ከጠፋው ትእዛዝ የተሳሳተው ትእዛዝ ይበልጥ ይጎዳል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ነገር «ደካማ ዐጥንት» በሚለው ቃል ማን ሊያስረዳ ይችላል?

አሁን እንዲህ ያለ ሕፃን በአንድ የደጋ መንደር ተወለደ እንበል። ጂን ማለት ዐጥንት ነው፥ ዐጥንት ማለትም የዘር ሐረግ ነው ብለን ካስተማርን፥ ጎረቤቱ የሚሰጠው ፍርድ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ በእናቲቱ ወይም በአባቱ ዐጥንት ውስጥ ያለ ነውር ወጣ ይባላል። የእኅቶቹ ጋብቻ ይሰናከላል፤ ባልና ሚስት ይወቃቀሳሉ። እውነቱ ግን ከባድ የሆነው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በአባትም በእናትም አካል ውስጥ ያልነበረ፥ በዚያው ሕፃን ላይ አዲስ የደረሰ የአንድ ፊደል ለውጥ መሆኑ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ከወላጅ የዘር ሕዋሶች በጥቂቶቹ ተደብቆ ይገኛል። ሰባት ትውልድ ቢቈጠር፥ ሰባ ቢቈጠር፥ በቈጠራው ውስጥ አይገኝም፤ አልነበረምና። ሐኪሙ ይህን ለወላጆቹ ለማስረዳት ሲሞክር የሚይዘው ቃል ራሱ ዐጥንት ከሆነ፥ በአንድ አፉ ከስሶ በአንድ አፉ ነጻ ሊያወጣቸው ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ለዐጥንት ቆጠራ የሚገባውን ምስጋና መንሣት አይገባም። የአማራ ገበሬ ትውልድ የሚቈጥረው ለርስት ብቻ ሳይሆን ለጋብቻም ነው፤ እስከ ሰባት ትውልድ የሚገናኙ አይጋቡም። የዐጥንት መሰበር በሽታ ጥቂት ዓይነቶች አሉት፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቁ፥ ኮላጅንን በሚያስተካክሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ጂን ላይ የሚደርሱ፥ ሕፃኑም የሚታመመው የተበላሸውን ቅጂ ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ነው። እንዲህ ያለው በሽታ የሚበዛው ዘመዳሞች በሚጋቡበት አገር ነው። የወንድማማች ልጆች ቢጋቡ ልጃቸው አንድን ጂን በሁለቱም ወገን ከዚያው ከአንድ ቅጂ የሚወርስበት ዕድል ከ16 አንድ ነው። ከአንድ ባልና ሚስት በሰባተኛ ትውልድ የሚገናኙ ቢጋቡ ግን ዕድሉ ከ16,384 አንድ ይሆናል። የመንዝ ሽማግሌ ይህን ስሌት ሳያውቅ ሥራውን ሠርቷል። እንግዲህ ዐጥንት ቆጠራ አንዱን የበሽታ ዓይነት ያስቀራል፥ ለሌላው ግን ምንም አያደርግም። የትኛውን እንደሆነ ለይቶ መናገር የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቃል ማጣበቅ ይህን መለየት ያጠፋዋል።

የዐጥንት ጂን ተብሎ የተጋነነው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. ግራንትና ባልደረቦቹ በኮል1ኤ1 የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ አንድ ፊደል ተለውጦ የሚገኝባቸው ሰዎች ዐጥንታቸው የሳሳ መሆኑን ጻፉ። ወዲያው የዐጥንት መሳሳት ጂን ተገኘ ተባለ። በ2006 ዓ.ም. ራልስተንና ሌሎች ከ20,000 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ ግን ውጤቱ እጅግ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ይህም ለውጥ በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመደ ሲሆን በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ እምብዛም የማይታይ ነው። ስለዚህ የአውሮፓን ጥናት ተርጕመን ለደብረ ብርሃን ሴት ብናነብላት ስለ እርሷ ምንም አልነገርናትም። ከዚህ የሚብስ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2015 ዓ.ም. በተሠራው የ1,000 ጂኖም ፕሮጀክት የ2,504 ሰዎች ዲ.ኤን.ኤ. ተነቦ ለዓለም ሁሉ መመዘኛ ሆኗል። ከ26ቱ ሕዝቦች መካከል የናይጄሪያ፥ የኬንያ፥ የጋምቢያና የሴራሊዮን ሰዎች አሉ፤ ከኢትዮጵያ ግን አንድም የለም። አንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን በኮል1ኤ1 ውስጥ ያልተለመደ ፊደል ቢገኝበት፥ ያ ፊደል በሽታ ይሁን ወይስ በአገሩ ብዙ ጤነኛ ሰው የያዘው፥ በዚያ መመዘኛ ብቻ ለመለየት ያስቸግራል። ስለ ዐጥንት አብዝተን ለምናወራ ሰዎች ይህ ጉድለት ሊቈረቍረን ይገባ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሐሳብ ስነግራቸው የሚያቀርቡት ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ፓጋኒና ባልደረቦቹ አሥር የኢትዮጵያ ሕዝቦችን መርምረው የዲ.ኤን.ኤ. ልዩነታቸው ከቋንቋ ቤተ ሰብ ጋር እንደሚዛመድ አሳይተው የለምን? እንግዲህ ዐጥንት አለ ማለት ነው ይላሉ። ጥናቱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ልዩነቱ የሚታየው እጅግ ብዙ ነጥቦችን አንድ ላይ ደምሮ በአማካይ ሲታይ ነው፤ በአንድ ጂን አይታይም። ያው ጥናት ደግሞ 3,000 ዓመት ያህል በፊት ከውጭ የመጣ ዘር ከአገሬው ጋር እንደ ተቀላቀለ ይገምታል፤ ይህ ለጥሩ ዐጥንት ተሟጋች ደስ የሚያሰኝ ዜና አይደለም። በሲሜንም ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ቢልና ባልደረቦቿ፥ ከመካከላቸውም ኢትዮጵያዊ ሐኪም አለ፥ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ ከመቶ 95.3 መሆኑን ባሳተሙ ጊዜ፥ የደጋ ሰው ዐጥንቱ ልዩ ነው ተብሎ ተወራ። ጥናቱ የሚናገረው ስለ ደም ነው። ስለ ዐጥንት አንድ ቃል የለበትም።

ዐጥንትና ቆዳ በእውነት የሚመሰክሩትን ነገር ማወቅ ለሚፈልግ ግን ብዙ አለ። ብራና ከማዕድን የተለየ ኮላጅን ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ፍየሉ ወይም በጉ በሕይወት ሳለ በራሱ ኮል1ኤ1 ትእዛዝ የፈተለው ገመድ ነው። በዐድዋ አጠገብ የሚገኘው የአባ ገሪማ ወንጌል ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምእት ዓመት ባለው ጊዜ እንደ ተጻፈ የታወቀው በዚህ ገመድ ውስጥ ያለው ካርቦን ተመዝኖ ነው። ከጥቂት የብራና ፍቅፋቂ ኮላጅን ተወስዶ በጉ ከፍየሉ የሚለይበት ዘዴም አለ። በጋሞ ደጋ በሞጣ ዋሻ የተቀበረው ሰው ከ4,500 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ዲ.ኤን.ኤው የተነበበው ከዐጥንቱ ነው። በድንቅነሽ ዐጥንት ውስጥ ግን 3.2 ሚሊዮን ዓመት አልፎበት ኮላጅኑ ጠፍቶ ድንጋይ ብቻ ቀርቷል። በኮላጅን የመንዝን በግ ከመንዝ ፍየል መለየት ይቻላል፤ የጌራን ሰው ከላሎ ሰው፥ የመንዝን ሰው ከመርሐቤቴ ሰው መለየት ግን አይቻልም። ያ 338 ጊዜ የሚደጋገመው ግላይሲን ለሁሉም አንድ ነው፤ አንዱ እንኳ ቢለወጥበት ባለቤቱ ዘሩን ከመቊጠር በፊት ሐኪም የሚያስፈልገው ሰው ነው።

የቀረው የቃሉ ነገር ነው። ዐጥንት ካልተባለ ምን ይባል? ዘር ማለትም አያዋጣም፤ እርሱም ያው የዐጥንት ወንድም ነው። ጂን ብሎ መተው ይሻላል የሚሉ አሉ፥ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። አንድ ጓደኛዬ ግን ገበሬው ጂን ሲባል ከክፉው መንፈስ ከጂኒ ጋር ያምታታዋል፥ የታመመውንም ሕፃን ጠበል እንጂ ሐኪም ቤት አይወስዱትም ብሎ ይሠጋል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። እንደዚያ በሚያሠጋበት ስፍራ፥ ቢያንስ ስለ ኮላጅን በሚነገርበት ጊዜ፥ «የፈትል ትእዛዝ» ብንል ምን ይጎዳል? በጓሳ ዙሪያ ገመድ ያልፈተለ ሰው ጥቂት ነው። ከሦስት ዘለላ አንዱ ሲበሰብስ ገመዱ ምን እንደሚሆን፥ የበሰበሰውም ሣር ከማን እርሻ እንደ ታጨደ መጠየቅ ገመዱን እንደማይጠግነው ማንም ሳያስረዳው ያውቃል።